ቆቅ፣ ሸለምጥማጥና የዛሬ ስምንት

ተረት መጣች፤ መንገድ ልቀቁላት። በር ላይ የቆማችሁ ግቡ፣ የተቀመጣችሁ ጠጋ በሉ፤ ተረት ቀሚሷን የሚረግጥባት ሰው አትወድም። ገባችሁ? እንግዲያው ጀመርኩ።

ድሮ፣ እንስሳ ሁሉ እንደ እኔና እንደ እናንተ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ አንድ ብርቱ ሕግ ነበር። ቀጠሮ ያፈረሰ ድምፁን ያጣል። በተቀጠረበት ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ ጉሮሮው ጥርቅም ብሎ ይዘጋል፣ በቃ፤ ይግባኝ የለውም። አንበሳ እንኳ ይህን ሕግ ይፈራ ነበር። ማግሳት የማይችል አንበሳ ምኑ ያስፈራል?

በዚያ ዘመን አንዲት ቆቅ ከገበያ መንገድ ዳር፣ ከአንድ ሾላ ዛፍ ሥር፣ ሣር ውስጥ ጎጆ ሠርታ ስምንት እንቁላል ታቅፋ ነበር። የዛሬዋን ቆቅ እንዳታስቡ። የያኔዋ ቆቅ ዝንጉ ነበረች፣ የዋህ ነበረች፣ ወሬ ደግሞ ነፍሷ ነው። መንገደኛ የሚለውን ሁሉ ትለቅማለች፤ ትርጉሙን ግን አትጠይቅም። በገበያ ቀን ሰዎቹ ሲለያዩ «እንግዲህ የዛሬ ስምንት በደህና ያገናኘን» ይባባላሉ። ይህቺን ቃል ቆቅ ከቃል ሁሉ አብልጣ ወደደቻት። እንቁላሎቿን እያገላበጠች «የዛሬ ስምንት፣ የዛሬ ስምንት» ስትል ትውላለች። ሲሉት ደስ ይላል፣ ሌላ ምን ያስፈልጋል?

ከዚያው ከሾላው ሥር አንድ ያረጀ ገበጣ ተጋድሞ ነበር። ገበጣ ታውቃላችሁ፤ ጠጠር እየዘሩ የሚጫወቱበት ባለ ጉድጓድ እንጨት ነው። ይህኛው በሁለት ረድፍ አሥራ ሁለት ጉድጓድ ነበረው። ጠርዙ ቢሰነጠቅ ሲጫወቱበት የነበሩት ሽማግሌዎች ሌላ አስጠረቡና እሱን እዚያው ትተውት ሄዱ። ዕድሜ ልኩን ጠጠር ሲቆጠርበት ስለኖረ ከቁጥር በቀር የሚያወራው ነገር የለውም። እንስሳቱ አባ ገበጣ እያሉ ያከብሩታል፣ ሲጣሉም እሱ ዘንድ ይዳኛሉ፤ ለጨዋታ ግን ማንም አጠገቡ አይቀመጥም።

አንድ የገበያ ቀን፣ ገበያተኛው አልፎ መንገዱ ጭር ሲል፣ ሣሩ ተንሿሿ። ቆቅ ቀና ብትል ሸለምጥማጥ ፊቷ ቆሟል። ያ ረጅሙ፣ ያ ነጠብጣቡ፣ ያ የዶሮ ቤት ጠላት። ክው አለች። ብትበር እንቁላሎቿ ያልቃሉ፤ ብትቀመጥ እሷም እንቁላሎቿም ያልቃሉ።

«እንደምን ዋልሽ፣ እመት ቆቅ?» አላት።

ያኔ ሸለምጥማጥ ማር የመሰለ ድምፅ ነበረው። ዶሮን ከቆጥ የሚያወርዳት በጥፍሩ ሳይሆን በዘፈኑ ነበር፤ ራሷ ወርዳ ትመጣለታለች። ኑሮው ሁሉ በድምፁ ነበር ማለት ነው። ይህን ያዙልኝ።

እንቁላሎቹ ስንት እንደሆኑ ጠየቃት። ስምንት ናቸው አለችው፤ ድንጋጤው መዋሸት እንኳ አሳጣት። መዳፉን ሲዘረጋ ግን አንድ ነገር ብልጭ አለላት። እንቁላሎቿን ታውቃቸዋለች፤ ነገ አንድ፣ ከነገ ወዲያ ሁለት እያለች ስትቆጥር በሰባተኛው ቀን ይፈለፈላሉ። የቆቅ ጫጩት ደግሞ እንደ ርግብ ልጅ ጎጆ ውስጥ አይከርምም፤ ተፈልፍሎ ባደረ ማግስት ይሮጣል። በስምንተኛው ቀን ቢመጣ ስምንቱም ወደ እሾሁ ይበተኑበታል። እሷ እዚህ ታገኛቸዋለህ ትላለች እንጂ ቆመው ይጠብቁሃል አትልም።

«አያ ሸለምጥማጥ፣ አሁን እኮ ውሃ ናቸው» አለችው። «ሥጋ ይሁኑልህ። ስምንቱንም እዚሁ ታገኛቸዋለህ።»

«መቼ?»

አፏ ላይ የመጣችላት ያቺው የምትወዳት ቃል ነበረች። «የዛሬ ስምንት» አለችው።

ሸለምጥማጥ ለአፍታ ትክ ብሎ አያትና ፈገግ አለ። «ይሁን። የዛሬ ስምንት» አለ። ተማማሉ፤ ሄደ። ቆቅም በራሷ ብልጠት እየተደነቀች አደረች።

በማግስቱ ጠዋት ቀኑን እንዳትስት ብላ አንዲት ጠጠር በመንቁሯ አንስታ ከገበጣው ጉድጓድ ጣለች። «አንድ» አለች።

«የመጀመሪያዋስ?» አላት ገበጣው።

አልመለሰችለትም። የገበጣ ወሬ ማን ይሰማል? በማግስቱም ጣለች፣ ሁለት። «የመጀመሪያዋስ?» ዝም አለችው። በሦስተኛውም ጣለች፣ ሦስት። «የመጀመሪያዋስ?» ዝም። በየጠዋቱ እሱ ይጠይቃል፣ በየጠዋቱ እሷ ዝም ትላለች። አረጀ፣ ጃጀ እያለች ታዝንለትም ነበር።

ሰባተኛዋን ጠጠር በጣለችበት ጠዋት እንቁላሎቹ መሰንጠቅ ጀመሩ። መጀመሪያ ግማሾቹ ተፈለፈሉ፤ አራት። ፀሐይ ሞቅ ስትል ከቀሩት ከአራቱ ግማሾቹ፤ ሁለት። ጥቂት ቆይቶ ከቀሩት ከሁለቱ አንዲት። የመጨረሻዋ እንቁላል ግን ዝም አለች። ሰባቱ እርጥብ ናቸው፣ አንገታቸው አይጸናም፣ ለመቆም ሲሞክሩ ይገለበጣሉ። ቆቅ በደስታ ልትሞት ደረሰች። እስከ ነገ ትደርቃላችሁ፣ ነገ ትሮጣላችሁ እያለች ታባብላቸዋለች።

ሣሩ ተንሿሿ።

«እንደምን አደርሽ፣ እመት ቆቅ?»

ቆቅ ደርቃ ቀረች። ሕልም መሰላት፤ ግን ሕልም ሆኖ የዶሮ ደም አይሸትም።

«ቀኑ እኮ ነገ ነው» አለች በስንት ጭንቅ።

«ዛሬ ነው» አለ ሸለምጥማጥ።

ነገ ነው፣ ዛሬ ነው። ነገ ነው፣ ዛሬ ነው። ሦስት ጊዜ ተባባሉና ፊታቸውን ወደ አባ ገበጣ አዞሩ። እሱ ከጎጆው አንድ እርምጃ ላይ ነውና ቆቅ ልጆቿን ሳትለቅ ተሟገተች። ጠጠሮቹን ቁጠርልኝ አለችው። ቆጠረ፤ ሰባት። አየህ፣ አንድ ቀን ይቀራል አለች፤ ልቧ ትንሽ ተመለሰ።

«እኔም በየጠዋቱ ስጠይቅሽ ነበር» አላት ገበጣው። «ቃል የሰጠሽባት የዚያች ቀን ጠጠር የታለች?»

«እሷማ… እሷ እኮ ያኔ ዛሬ ነበረች።»

«አንቺስ ምን አልሽ? የነገ ስምንት አላልሽም። የዛሬ ስምንት ነው ያልሽው። ከዛሬ የተነሣ ዛሬን ይቆጥራል። ሰዎቹ ከገበያ እስከ ገበያ ሰባት ጊዜ ብቻ እያደሩ ስምንት የሚሉት ለዚህ ነው። ሳምንትም ስሙን ያገኘው ከስምንት ነው። ጠጠሯን ጨምሪያት።»

ቆቅ አንዲት ጠጠር አነሣች። ሁለቴ ከመንቁሯ ወደቀባት። በሦስተኛው ጉድጓዱ ውስጥ ገባች፤ ቀጭ አለች። ስምንት። ዕለት ዕለት ስትደጋግማት የኖረችው ቃል ውስጧ እንዲህ ያለ ጉድ ኖሯል! ቀኗን ማንም አልሰረቃትም። እግሯ ሥር ነበረች፤ ቆማባት ሳለ አላየቻትም።

እንግዲህ ምን ታድርግ? ልጆቿን ይዛ ብትሸሽ ቀጠሮ አፈረሰች፣ ድምፅ አጣች። ድምፅ የሌላት እናት ልጆቿን በምን ትጠራለች? ጭልፊት ሲመጣ በምን ታስጠነቅቃለች? ዛሬ ባይሞቱ ነገ አለቁ።

«በይ እንግዲህ» አለ ሸለምጥማጥ፣ ከንፈሩን እየላሰ። «ሰባቱን አሁን፣ ስምንተኛዋን ስትወጣ።»

ገበጣው ግን ጎጆዋን አይቶ የራሱን ጨዋታ ጀምሮ ነበር። «ስምንት ጠባይዋ እንዲህ ነው» ይላል ለብቻው። «ግማሿን ብታነሣ አራት፤ ከቀረው ግማሹን ብታነሣ ሁለት፤ ከቀረው ግማሹን ብታነሣ አንድ። አራትና ሁለት ስድስት፣ አንድ ሲጨመር ሰባት። ሦስት ጊዜ ገመስካት፣ አልጨረስካትም። አንዲት ትቀራለች፤ ያቺ ደግሞ አትገመስም።»

ቆቅ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ገበጣውን ሰማችው።

«አባ ገበጣ» አለች፣ «የማልኩት በስምንት ሥጋ ነው። አንዷ ገና ውሃ ናት።»

ገበጣው ያቺን ያልተሰነጠቀች እንቁላል አየ። «እውነቷን ነው። ቀኑ ሞልቷል፣ ቁጥሩ አልሞላም። ቀጠሮው ይታደሳል እንጂ አልፈረሰም» ብሎ ፈረደ።

ሸለምጥማጥ ሊቆጣ አለና ጫጩቶቹን አያቸው። እርጥብ ላባና አጥንት ናቸው። ቆቅ ፊቱን አነበበችና ሌላ ስምንት ቢታገሥ እያንዳንዳቸው አፍ የሚሞሉ እንደሚሆኑ ነገረችው። ሌላ ስምንት፣ ከዛሬ። ሸለምጥማጥ ምራቁን ዋጠ።

«ሥጋሽ እግር እንዳለው ግን አውቄያለሁ» አላት። «ያን ቀን ስምንቱም ከዚህ ሾላ ሥር ተሰልፈው፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ሳይነቃነቁ ይጠብቁኝ።»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? ዛሬ ሰባት ከሚበላ ሌላ ቀን ስምንት ይብላ ትላላችሁ? ቆቅ ግን እናት ናት። አንዲት ቀን እንኳ ቀን ናት አለችና ማለች።

ሸለምጥማጥ በዳኛ ፊት አንዴ ስለረታ ልቡ አብጦ ነበር። ቁጥር አዋቂ ነኝ ብሎ ራሱን ሾመ። «ስምንትና ስምንት አሥራ ስድስት፤ ከመጀመሪያዋ ቀን በአሥራ ስድስተኛዋ» እያለ፣ እየዘፈነ ሄደ። ቆቅም እሱን ተከትላ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ስድስት አለች።

«ማን ነው አሥራ ስድስት ያለው?» አላት ገበጣው።

ደነገጠች። ከእንግዲህ እሱ ሲናገር መደንገጥ ልማዷ ሆነ። ስምንትና ስምንት አሥራ ስድስት አይደለም ወይ ብላ ጠየቀችው።

«ሁለተኛው ስምንት ከየትኛዋ ቀን ይጀምራል?»

«ከዛሬ።»

«የዛሬ ጠጠር ጉድጓዱ ውስጥ የለችም?»

አለች። ጠዋት በገዛ መንቁሯ የጣለቻት ናት።

«የመጀመሪያው ስምንት ያለቀው በእሷ፣ ሁለተኛው ስምንት የሚጀምረው በእሷ። አንዲት ጠጠር ናት፤ ሁለቴ አትጣልም። በእንዲህ ያለው ቀጠሮ ስምንትና ስምንት አሥራ አምስት ነው።»

ቆቅ አፏን ከፍታ ቀረች። ስምንትና ስምንት አሥራ አምስት! ይህን ጉድ ለማን ይነግሩታል? ቀስ እያለ ግን ሌላው ገባት። ሸለምጥማጥ አንድ ቀን ሊዘገይ ነው። እሷ ግን አሥራ አምስተኛዋን ቀን ልጆቿን አሰልፋ ልትቆም ነው። እስከዚያ ከነቃ አለቀላት።

«ትነግረዋለህ?» አለችው።

«ዳኛ የሚመልሰው የተጠየቀውን ነው» አላት። «እሱ አልጠየቀኝም።»

በዚህ መሀል ከኋላዋ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማች። ስምንተኛዋ እንቁላል ተሰነጠቀች። አንዲት ሚጢጢ ጫጩት ወጣች፤ ከሁሉም የምታንስ፣ ከሁሉም የምትጮህ። ቆቅ ስሟን ዛሬ አለቻት። ሁለተኛ እንዳልረሳሽ ብላ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ቀን ቆቅ እንዴት እንዳሳለፈችው እሷና ፈጣሪዋ ያውቃሉ። ከሩቅ አገር የሚመጡ ነጋዴዎች ሲለያዩ «የዛሬ አሥራ አምስት» እንደሚባባሉ ትዝ አላት። ስንት ጊዜ ሰምታዋለች! ሸለምጥማጥም በዚያው መንገድ ነው የሚመላለሰው። አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ ጆሮውን ቢሰጥ ነገሩ ይገለጥለታል። ነጋዴ ባለፈ ቁጥር ልቧ ትቆማለች። ሸለምጥማጥ ግን አይሰማም ነበር፤ አሥራ ስድስቱን እየቆጠረ ነው።

አሥራ አምስተኛዋ ቀን መጣች፤ የገበያ ቀን ነበረች። ቆቅ ጎህ ሲቀድ ስምንቱን ከሾላው ሥር አሰለፈች። ማንም እንዳይነቃነቅ፣ እኔ ሳልናገር ማንም እንዳይናገር አለቻቸው። በገበጣው ላይ አሥራ ሁለቱም ጉድጓዶች ሞልተው ሦስቱ ድርብ ሆነዋል። ፀሐይ ግን ዛሬ የምትሄድ አትመስልም። ረፋድ ሆነ፣ አልመጣም። ቀትር ሆነ፣ አልመጣም። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ሣሩ ተንሿሿ።

ሸለምጥማጥ ነበር። ወደ ገበያው እየወረደ ነው፤ የዶሮ ነጋዴዎች የሚጥሉት አንጀት አይጠፋም። እናትየዋን ጨምሮ ዘጠኙን ተሰልፈው ሲያይ ቀጥ ብሎ ቆመ። አንድ እርምጃ ቢራመድ ይደርስባቸዋል። መብቱም ነው፣ ቀኑም ነው። የሚያግደው ነገር ቢኖር ራሱ የቆጠረው ቁጥር ብቻ ነው።

«ለነገ ልምምድ ነው?» አላት እየሳቀ።

ቆቅ ዓይኗን ከልጆቿ ላይ አላነሣችም። መዋሸት አልፈለገችም፣ እውነቱንም መናገር አልቻለችም።

ከመጀመሪያዋ ጫጩት ጀምሮ አንድ በአንድ አሸተታቸው። ማንም አልተነቃነቀም። መጨረሻ ላይ ከሚጢጢዋ ዘንድ ደረሰና አፍንጫውን ከላባዋ አስጠጋ።

«ይቺስ ማን ናት?»

«ዛሬ» አለች ቆቅ።

ሸለምጥማጥ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ዛሬማ አይደለም፣ እመት ቆቅ። ነገ ነው። አሁንም ቁጥር አልገባሽም?» አላት። እየዘፈነ ወደ ገበያው ወረደ። ያ ዘፈኑ የመጨረሻው እንደሆነ አላወቀም።

ፀሐይ ጠለቀች።

በማግስቱ ጠዋት ሸለምጥማጥ ጥርሱን ስሎ፣ ወገቡን ቀጥ አድርጎ መጣ። እንደምን አደርሽ ሊላት አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። ጉሮሮውን ጠራርጎ እንደገና ከፈተ። ምንም። በሦስተኛው አፉ ብቻ ተከፍቶ ቀረ፤ ዓይኑ በድንጋጤ ተገለበጠ። ቆቅ «ሩጡ» ብላ አንድ ጊዜ ጮኸች፤ ስምንቱም በስምንት አቅጣጫ እሾህ ውስጥ ገቡ። ሸለምጥማጥ አንዷን ሳይከተል ከገበጣው ፊት ቆሞ ቀረ። ሊጠይቅ ፈልጓል፣ ግን በምን ይጠይቃል? ገበጣው አዘነለት መሰለኝ፣ ሳይጠየቅ ቆጠረለት፤ ከአንድ ጀምሮ እስከ አሥራ አምስት፣ ቀስ እያለ። ስምንተኛዋ ጠጠር ላይ ሲደርስ «ይቺን ሁለቴ ቆጥረሃታል፤ ቀጠሮህ ትናንት ነበር፣ ዛሬ አይደለም ብለህ ጥለኸው ሄድክ» አለው።

ሸለምጥማጥ ከዚያ ወዲህ ዶሮን በዘፈን አያወርድም። ኮሽ ሳይል፣ አፉን ዘግቶ፣ እየተሳበ የሚመጣው ለዚህ ነው። ቆቅ ደግሞ ከዚያ ወዲህ የመንገደኛ ቃል ሳትጠይቅ አታነሣም፤ ሣር ተንሿሾ ዝም ብላ አታልፍም። ንቁ ሰው ስናይ ቆቅ ነው የምንለውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

እናንተም ቀጠሮ ስትይዙ ከቆማችሁባት ቀን ጀምራችሁ ቁጠሩ። ሰው ነገንና ከነገ ወዲያን ሲቆጥር የሚስታት ያቺኑ እግሩ ሥር ያለችውን ነው።

ተረቴ መንገዷን ጨረሰች፤ በሩን ዝጉላት። ወደ ማታ በሾላው በኩል ካለፋችሁ ግን ትንሽ ቁሙ። ቆቅ ልጆቿን ስትቆጥር ትሰማላችሁ፤ ከትልቁ አትጀምርም። ከሚጢጢዋ ነው የምትጀምረው። «ዛሬ» ትላለች፣ «አንድ»።